ጭስ የተገፈፈላት ፀሐይ

በአየር ጠባይ ጣቢያው ሰገነት ላይ፣ ክርኑ የነተበ ሹራብ ለብሳ የምትወጣ ጠና ያለች ሴት አለች። ሥራዋ ፀሐይን መለካት ነው። የመለኪያው የብርጭቆ ኳስ ብርሃኑን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ካርድ በመስመር ያቃጥላል፤ እሷ ማታ ማታ ካርዱን ትቀይራለች።

አንዱን ካርድ ግን ከቦርሳዋ አትለየውም። በወረርሽኙ ዓመት መኪናውም ፋብሪካውም ጸጥ ብሎ ጭሱ ሲገፈፍ፣ ፀሐይዋ በርትታ ምድሩን ያሞቀችበት፣ ካርዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጠቆረችበት ቀን ካርድ ነው።

"እትዬ፣ ይሄን ለምን መዝገብ ቤት አላስገቡትም?" አላት አዲሱ ባልደረባዋ፣ አንድ ቀን ካርዱን ከቦርሳዋ ስታወጣ አይቶ።

"የዚያን ቀን ባለቤቴ ከሆስፒታል ደወለልኝ። 'አንቺ፣ ተራራው በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ልክ በልጅነታችን እንደምናየው!' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁትም።"

ካርዱን በመሀረብ ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

"ደስ ብሎት ነበር እኮ" አለች።