በሩ ክፍት የሚቆየው መዝሙሩ እስኪያልቅ ነበር

አርባ ምንጭ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል በር እንጂ መስኮት አልነበረውም። የታሰርኩት ስብሰባ ላይ ስለ መሬታችን ተናገርህ ተብዬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። በሩ ሥር አስም ያለበት የላንቴ ቀበሌ ሙዝ ገበሬ ተጋድሟል። ከሙቀቱ የተነሳ በአንድ ጎን መተኛት አይቻልም፤ ሁላችንም ስንገላበጥ ነው የምንውለው።

እሑድ ጠዋት ፖሊሱ በሩን ይከፍትልናል፣ ለአንድ መዝሙር ብቻ። ሲያልቅ ይዘጋል። ገበሬው ደህና አድርጎ የሚተነፍሰው ያኔ ነው።

አብሮን የታሰረ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ዘዴ አመጣ። ሦስት መዝሙር እንቀጥል፣ ፖሊሱ አንድ ይመስለዋል አለ። ሁለተኛውን ግን በመጀመሪያው ኪይ፣ ማለትም በዚያው የድምፅ ከፍታ፣ ከያዝነው ጉሮሯችን አይደርስበትም።

«ሩቅ ኪይ ከሄድን ይነቃብናል። ወደ ጎረቤቱ እንሻገር» አለ። «ሁለቱ ድምፅ ይጋራሉ፤ የሚለየው ፋ የሚባለው ድምፅ ብቻ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ ፋን የያዙት እርስዎ ነዎት። ስጠቅስዎ ትንሽ ከፍ ይበሉ።»

እኔ የኦቾሎ ሸማኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ለቅሶም ላይ ሥራም ላይ ሲዜም ሁሉም የየራሱን ድምፅ ይይዛል፤ መሃል ላይ ድምፁን የለቀቀ ይታፈርበታል። ጠቀሰኝ። አልለቀቅሁም። ሌሎቹ ተሻገሩ፣ እኔ ቀረሁ። ጆሮ የሚሰቀጥጥ ነገር ወጣ።

«ሌላ ጀመራችሁ እንዴ!» አለ ፖሊሱ። በሩ ተዘጋ። ገበሬው ሲያቃስት ዋለ፣ እኔም ቁጭ ብድግ ስል።

«ኧረ አባባ፣ እግርዎን ይተዉትና ድምፅዎን ያንቀሳቅሱ!» እያለ ኦርጋን ተጫዋቹ ሳምንቱን ሙሉ ቀለደብኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠቀሰኝ፤ ከፍ አልኩ። ሁለተኛው መዝሙር እንደ ውሃ ገባ። ፋን መልሼ ዝቅ ሳደርግ ሦስተኛው መጣ። ገበሬው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።

ስንጨርስ ፖሊሱ በሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። ይሄ አንድ መዝሙር ነው?»

ኦርጋን ተጫዋቹ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ሦስት ነው፣ ልጄ። ለዚህ ሰው አየር ብለን ነው። የምትዘጋ ከሆነ አውቀህ ዝጋ።»

ፖሊሱ ገበሬውን አየ። ግቢውን አየ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሄደ፤ ሳይቆልፈው ዋለ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ደግ አደረግህ ይሉኛል። እኔ ግን ዛሬም አላርፍም። ያን ቀን የተወራረድኩት በራሴ ትንፋሽ አልነበረም፤ በገበሬው ነው፣ ያውም ሳላስፈቅደው። ላንቴ በሄድኩ ቁጥር ይቅርታ ልጠይቀው እነሳለሁ። እሱ ቀድሞኝ ሙዝ ቆርጦ ያቀርብልኛል። ተቀብዬ እበላለሁ።