የሰማንያ ዘጠኙ ዋንጫ እንደገና

ዳባ በያጅ ነው። ጭሮ ውስጥ፣ ወደ በደሳ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ሥራ ቤት አለችው። በርና መስኮት ይሠራል። ሥራውን ሰው ይወድለታል፤ የሠራው በር ሲከፈት አይጎተት፣ ሲዘጋ አይጮኽ። ብቻ በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ገና ዋጋ ሳይጠይቅ አንድ ነገር ሳይል አይቀርም።

«ዳባ፣ ይሄኛውስ በር ይዘጋል?»

ይሉና ይስቃሉ። እሱም አብሮ ፈገግ ይልና ፊት የሚሸፍነውን የብየዳ መነጽሩን ጎትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። መነጽሩ ጥሩ ነው። ከኋላው ያለውን ፊት ማንም አያይም።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1989 ዓ.ም. ዳባ የጭሮ በረኛ ነበር። ያን ዓመት ጭሮ፣ በደሳ፣ ቦኬ፣ ሂርና፣ ገለምሶና ሚኤሶ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተገናኙ ለአንድ ዋንጫ ተጫወቱ። ጭሮና በደሳ እስከ መጨረሻው ቀን በነጥብ እኩል ሄዱ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ እርስ በርሳቸው ሆነ፣ እዚያው በደሳ ላይ። ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ የበደሳው ዘጠኝ ቁጥር ቢቂላ መታ። ኳሷ በዳባ ግራ በኩል መሬት ለመሬት ገባች። አንድ ለዜሮ። ዋንጫው በደሳ ቀረ።

ጎል የማይገባበት በረኛ የለም፤ ይሄ ብቻ ቢሆን ሰው ይረሳው ነበር። የዳባ ጣጣ ሌላ ነው። ዳባና ቢቂላ ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፤ በወንጌል ጉባኤ ይተዋወቃሉ። የጨዋታው ቀን የበደሳ ሰዎች ለጭሮ ልጆች ማረፊያ ቤት ሰጧቸው። ጫት ቀረብ ሲል ዳባ እንደ ልማዱ ወጣ፤ እሱ አይቅምም። ቢቂላ መንገድ ላይ አገኘውና «ና ምሳ ብላ፣ ወንድም ወንድሙ ቤት ሳይገባ ይሄዳል እንዴ?» አለው። ገባ፤ የማሽላ ቂጣ በእርጎ በላ። ሲወጣ ግማሽ ከተማ አየው። ከሰዓት በኋላ ያበላው ሰው አገባበት።

ከዚያ በኋላ ማን ምን ይበል? ወደ ጭሮ ሲመለሱ አይሱዙው ላይ፣ ሁሉ እየሰማ፣ ካፒቴኑ አብዱልቃዲር «በአንድ ሳህን ሸጠን!» አለ። ጭሮ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

ዳባ ከአይሱዙው ወርዶ ቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደ። ድሮም አፍ የለውም፤ ሰው በተሰበሰበበት ቃል አይወጣውም። የባሰው ግን ይሄ አይደለም። የባሰው፣ ራሱም እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ያቺ ኳስ ስትመጣ ዘግይቶ እንደ ወደቀ ይሰማዋል። «ሆዴ ራርቶ ይሆን?» ብሎ የነገረው ለሚስቱ ለውዴ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢቂላ ቤት እግሩን አላነሳም። ጉባኤ ላይ ሲገናኙ ከሩቅ ሰላም ብሎት ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

በ2001 ዓ.ም. በክሪ የሚባል ሰው መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፈተ። በክሪ ኳስ የሚወድ ሰው ነው። ከድሬዳዋ አንድ የኳስ ፕሮግራም በሲዲ አምጥቶ ጫነ። እንደ ሌሎቹ ጨዋታዎች አይደለም፤ አንተ ቁልፍ ነክተህ አትጫወትም። የቡድኑን ስም፣ የተጫዋቹን ስም፣ የእያንዳንዱን ጉልበትና ችሎታ በቁጥር ትሞላለታለህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ብቻውን ያጫውታቸውና በስንተኛው ደቂቃ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያወጣል። በክሪ ይህን ሲያይ የሰማንያ ዘጠኙ ዋንጫ ትዝ አለው። እንደገና ላጫውተው አለ።

መረጃው ዘውድነሽ ጋ ነበር። ዘውድነሽ ያኔ የውድድሩ ጸሐፊ ነበረች። ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን ስንት ኳስ ወደ ጎል እንደመታ፣ በረኛው ስንት እንዳዳነ፣ አንድ በአንድ እየጫረች የያዘችበት ደብተር እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አለ።

በክሪ ወደ ዳባ መጣ። «ቁመትህ ስንት ነበር?» አለው።

«ለምንህ ነው?»

ነገረው። ዳባ ብረቱን መሬት አስቀመጠ። «በክሪ፣ እባክህ እኔን ተወኝ። ሌላ ሰው አስገባ።»

«ማንን?»

«ማንንም።»

በክሪ ሰው ማስጨነቅ አይወድም። በዳባ ቦታ «እንግዳ» ብሎ ጻፈና መካከለኛ መካከለኛ ቁጥር ሰጠው። የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ያኔ የደገፉም፣ ተሰብስበው አሥሩን ጨዋታ አስጫወቱ።

በነጋታው ዘውድነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች ሥራ ቤቱ ገባች።

«ቦኬ አምስት አገባብን!»

«መቼ?»

«ትናንትና! በኮምፒውተር! አምስተኛ ወጣን፤ ከሚኤሶ በላይ ብቻ! በል ተመለስ!»

«እትዬ ዘውድነሽ፣ እኔ እኮ በር እየሠራሁ ነው።»

«በሩን ሰማሁ። ያኛውን በር ማን ይጠብቅ?» ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣችና ፊቱ ዘረጋችው። «እየው ጭረትህን። በአሥር ጨዋታ ስልሳ ሦስት ኳስ። አንተ ባትኖር ጭሮ ከበደሳ ጋር ለዋንጫ ሊጫወት ነበር? በደሳን ከዳር ቆሞ ያይ ነበር እንጂ!»

ዳባ ጭረቶቹን አየ። ንባብ ላይ ብዙም አይደለም፤ ጭረት ግን ያነባል። ማታ ለውዴ ሲነግራት «ሂዳ» አለችው። «ካልሆነም ኮምፒውተር ነው፤ እንደ ሰው አይስቅብህ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደ። ኮምፒውተሩ አጠገብ አልተጠጋም፤ በሩ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። በክሪ «እንግዳ» የሚለውን አጥፍቶ «ዳባ» ብሎ ጻፈ። በሁለት እሁድ ዘጠኙን ጨዋታ ጨረሱ። በክሪ እንግሊዝኛውን እያነበበ ይተረጉማል፤ «ዳባ አዳነ» ባለ ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል። ዳባ መሬት መሬት ያያል፤ ግን ጆሮው አንዱም አያመልጠው። ዘጠነኛው ሲያልቅ፣ ያኔ እንደሆነው፣ ጭሮና በደሳ በነጥብ እኩል ሆኑ።

በሦስተኛው እሁድ አብዱልቃዲር መጣ። አሁን ጫት በፒካፕ የሚጭን ነጋዴ ሆኗል፤ ሆዱም ወጣ ብሏል። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባና ለሁሉም እጁን ሰጠ። ዳባ ጋ ሲደርስ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ግን አልጠራም።

«በሉ አስጀምሩት» አለ ካፒቴኑ።

በክሪ ቁልፉን ነካ። በሠላሳኛው ደቂቃ አብዱልቃዲር አገባ። በሰባኛው ደግሞ እንደገና አብዱልቃዲር። ጭሮ ሁለት፣ በደሳ ዜሮ።

ቤቱ ተናወጠ። አብዱልቃዲር ከወንበሩ ተነስቶ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም! ዋንጫው የእኛ ነበር፤ ያሳጣን አንድ ሰው ነው!» አለ።

ዳባ ቀስ ብሎ ተነሳ። እጁ በሩ ላይ ነበር።

«ቁጭ በል ዳባ» አለች ዘውድነሽ። ደብተሩን ገልጣለች። «ካፒቴን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጎል አገባህ፤ ደግ። የእውነቱ ቀን ግን ጭሮ ወደ ጎል የመታው ስንት ነው? ይኸው፤ ባዶ። አንድም ጭረት የለም። ዳባ ያዳነው ደግሞ አሥራ አንድ። ዋንጫ የሚሸጥ ሰው አሥራ አንዱን አድኖ ነው የሚሸጠው?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለ አንዱ።

«ማን ጠየቀኝ? ጎሉን ብቻ ነው የምትጠይቁኝ።»

በክሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር አለ» አለ። «እዚህ ጋ የተጫዋቹ የዕለቱ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ አለ። ደክሞት ነበር ወይስ ብርቱ ነበር ይላል። እኔ የማውቀው ስለሌለ ለሁሉም ዘጠና ዘጠና ሰጥቻለሁ። ያን ቀን እንዴት ነበራችሁ?»

 ከድሮዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን። አብዱልቃዲር ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ዳባን ዘጠና ተወው» አለ። «እኔን ሠላሳ አድርገኝ።»

«ሠላሳ? ለምን?»

«ወላሂ ሠላሳም ይበዛብኛል።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ቀጠለ። «ትንሽ ጫት ቀንጠስ አድርገን እንነሳለን ብለን ነበር። የበደሳ ሰዎች እንግዳ ናችሁ ብለው የማለዳውን ቅጠል አመጡ፤ እንደዛ ያለ ቅጠል ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ማን ልቡ ችሎ ይመልሰዋል? ምሳው መጣ፤ እጁን የታጠበ የለም። ምግብ በማን ጉሮሮ ይውረድ? የጣልነው የጫት ገራባ ተከምሮ ጉልበታችን ደርሶ ነው ለጨዋታ የተጠራነው። ሜዳ ስገባ ልቤ እዚህ ጋ ይመታል» ብሎ አንገቱን ነካ። «ከዕረፍት በኋላ እግሬ የኔ አልነበረም። የአሥራችንም።»

ዳባ አሁንም እንደ ቆመ ነው። እጁን ከበሩ አነሳ። «ታዲያ... ለምን እኔን?» አለ።

«ከሁላችን ምሳ የበላኸው አንተ ብቻ ነበርክ ዳባ። አይሱዙው ላይ ሁሉም ዝም ብሎ እኔን ያየኛል። ካፒቴን ነኝ፤ ማንም እንዳይቅም አደራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ። አሠልጣኙን ምን ልበለው? አፌ ላይ ያንተ ስም መጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ... ሰው ሁሉ ተቀበለውና ዝም አልኩ።»

በክሪ እንደ ተባለው ሞላ። አሥሩ ሠላሳ፣ ዳባ ዘጠና። ቁልፉን ነካ።

«ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ፣ ዳባ አዳነ። ሃያ ስድስት፣ ጎል፣ በደሳ። አርባ አንድ፣ ጎል፣ በደሳ...»

ዳባ ሳያውቀው ከበሩ ሥር ለቆ ከበክሪ ጀርባ ደርሷል። ሦስተኛው ገባ። በሰማንያኛው አራተኛው ገባ።

«አራት?» አለ ዳባ።

«አራት ለዜሮ።»

«እኔ እኮ... አንድ ነው የገባብኝ።»

«አንድ ብቻ» አለ አብዱልቃዲር።

በክሪ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ «ይሄ ዕድልም አለበት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ይለያያል፤ ማስረጃ ነው ብላችሁ እንዳትይዙት» አለና ደገመው። ሦስት ለዜሮ። ሦስተኛ ጊዜ አስኬደው። አምስት ለዜሮ።

«ይብቃ በክሪ!» አለ ካፒቴኑ። «ሰውዬውን ጨረስከው እኮ!»

መጀመሪያ የሳቀው ዳባ ነው። ሳቁ ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። መነጽሩን ሥራ ቤት ትቶት መጥቷል፤ ሁሉም ፊቱን አየው። እሱም ግድ አልሰጠው። አሥራ ሁለት ዓመት ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነስቶ የወጣ ያህል ትንፋሹ ቀለለው።

ቤት ሲደርስ ውዴ በር ላይ አገኘችው። «ማል ታኤ? ምን ሆንክ?» አለች ፊቱን አይታ።

«አራት ገባብኝ!» አላት እየሳቀ።

«አበደ» አለች። ነገሩን ከጨረሰላት በኋላ ግን እሷም ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ በደሳ ለመሄድ መናኸሪያ ቆሞ ሳለ ፒካፕ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። አብዱልቃዲር ነው።

«ወዴት ነው?»

«ቢቂላ ቤት።»

«ግባ። እኔም ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።»

ቢቂላ ዳባን በር ላይ ሲያይ ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን «ቂጣ አለ?» ብሎ ጮኸ፤ ሰላምታው ይሄ ነበር። ማሽላው ሲጋገር ሦስቱ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ዳባ መሬት መሬት እያየ ጠየቀው።

«ቢቂላ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያቺን ኳስ ዘግይቼ ነው የወደቅኩት?»

ቢቂላ አገጩን አከከ። «ስንት ዓመት ሙሉ ላንተ ልናገር እያልኩ፤ ታመልጠኛለህ። እኔ ወደ ቀኝህ ነበር የመታሁት። ሜዳው ጭቃ ነበር፤ የቆምኩበት እግሬ ተንሸራተተና ኳሷ ወደ ግራ ሄደች። አንተ ወደ ቀኝ ልትወድቅ ጀምረህ እኮ ነው የተመለስከው። ልክ ነበርክ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

አብዱልቃዲር ራሱን ያዘ። «በስህተት? ዋንጫችን በስህተት ሄደ?»

«በስህተት» አለ ቢቂላ። «ለማንም እንዳትናገሩ፤ በደሳ ሰምቶ እንዳያባርረኝ።»

ቂጣው መጣ፤ እርጎው መጣ። የቢቂላ ሚስት እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ዳባ ቆርሶ መጀመሪያ ካፒቴኑን አጎረሰው፤ ከዚያ ራሱ በላ፣ ደግሞም ጨመረ።