በዘይት የተቀቡ መላእክት

ሰሞኑን ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝና ሄድኩ። ሕንፃው ለአዲስ ዓመት አጊጧል፤ መስታወቱን ከታች እስከ ላይ በትልልቅ የአደይ አበባ ስቲከር ሸፍነውታል። ከመንገድ ማዶ ሆነው ሲያዩት፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። ውስጥ ስገባ ግን ክፍሉ ጨለማ ነው። ጸሐፊዋ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሠራለች። «መስኮታችሁ ምን ሆነ?» ብላት «በዓል ነዋ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ መተረብ ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን ጉዳዬን ጨርሼ ወጣሁ። በሃያ ዓመቴ ይህንኑ ስሕተት ገልብጬ ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬም እመሰገንበታለሁ።

ያኔ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ጋሽ ኸይሩ የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የልብስ ስፌት ክር ይሸጣሉ። ገዢ ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ ይገዛል እንጂ ከባንኮኒው ወዲያ ማንም አይሻገርም። ጦርነቱ ካለቀ ገና ብዙ አልቆየም፤ ንግድ ተፈታ ተብሎ ሰዉ ሁሉ ሱቁን የሚያሳምርበት ጊዜ ነበር። ከእሳቸው በታች ያለው ሱቅ ባለ ቀለም አምፖል ሲሰቅል ጋሽ ኸይሩም ወደ ምሥራቅ የሚያየውን የመንገድ ዳር ግድግዳ አስፈርሰው ሰፊ መስታወት አስገቡ። መስታወቱ ያላቸውን ሁሉ ስለወሰደ ጌጥ መግዣ አልተረፋቸውም።

እኔን የመረጡኝ መጽሐፍ አንባቢ ስለነበርኩ ነው። ትምህርት ጨርሼ ሥራ አላገኘሁም፤ ቀኑን ሙሉ አነባለሁ፣ ሰው ያማረ ነው ያለውን ሁሉ አጣጥላለሁ። ሁለተኛው አመል እስካሁን አልለቀቀኝም።

«ያነበብከውን ሁሉ የት ነው የምታደርገው?» አሉኝ አንድ ቀን። «እስቲ ይቺን መስታወት ለእንቁጣጣሽ አሳምርልኝ።»

«በምን?»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን ጎትተው አወጡ። ውስጡ ሙሉ የልጆች ሥዕል ነው።

የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉና ልናገረው። በመስከረም አንድ ጠዋት ሴቶቹ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ፣ እኛ ወንዶቹ የሣልነውን ሥዕል ለጎረቤት እያደልን ሳንቲም እንቀበል ነበር። በየካ ሥዕሉ ያው ነው፤ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ። ወረቀቱን ላምባ እንቀባውና ብርሃን ሲያሳልፍ፣ ሥዕል ላይ አስደግፈን እንገለብጣለን። ላምባው ሲተን ወረቀቱ ተመልሶ ወረቀት ይሆናል። ጀርባው ላይ ስማችንን በትልቁ እንጽፋለን፣ ሰውየው ለከርሞ እንዳይረሳን። ሰውየውም «ጎበዝ» ብሎ ይቀበለንና ከበሩ ሳንርቅ እሳት ያቀጣጥልበታል። ይህን እኛም እናውቅ ነበር። ጋሽ ኸይሩ ግን አንድም አልጣሉም። የአሥራ ምናምን ዓመት ሥዕል ነው፣ እንደመጣበት ዓመት ተደርድሮ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት።

«እርስዎ ሙስሊም አይደሉ? ይህን ሁሉ ሚካኤል ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«ልጅ በእጁ የሰጠህን ትጥላለህ? ደግሞ ከፍዬበታለሁ።» ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አደራ፣ እንዳይበላሹብኝ። ሌላ የለኝም።»

ሌላ የለኝም ያሉት ሌላ ጌጥ ይሁን ሌላ ነገር፣ አልጠየቅኳቸውም። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም።

እኔ ደግሞ በአንድ የፈረንጅ መጽሔት ላይ የካቴድራል መስኮት ፎቶግራፍ አይቼ ነበር፤ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚያፈስ መስታወት። ላምባ የሚተን ከሆነ የማይተን ነገር ቢቀቡትስ ብዬ አሰብኩ። በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን፣ ጋሽ ኸይሩ ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ እንደወረዱ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ የኑግ ዘይት በጥጥ እየነከርኩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቀባኋቸው። ውጭ ዝናብ ስለነበር የቆርቆሮ መዝጊያውን አውርጄ በአምፖል ነው የሠራሁት። ከማዶ የሚጠበሰው እሸት በቆሎ ይሸተኛል። ማጣበቂያ እንኳን አላስፈለገኝም፤ ዘይቱ ራሱ ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል። መላእክቱን ፊታቸውን ወደ መንገድ አዙሬ ከላይ እስከ ታች ደረደርኳቸው። ጋሽ ኸይሩ ሲመለሱ በኑጉ ሽታ ፊታቸው ቅጭም አለ፤ «ነገ ያያሉ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየወረዱ ነው። ጋሽ ኸይሩ መዝጊያውን ሲያነሡ እኔ መንገዱ መሐል ቆሜ ካቴድራሌን እጠብቃለሁ።

ያየሁት ጥቁር ቅባት ነው። ቀለም የለም፣ መልአክ የለም። ፀሐይዋ ከኮተቤ በኩል፣ ከጀርባዬ ናት፤ ወረቀቱ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አሳልፎታል፣ ለመንገደኛው የተረፈው ዘይቱ ብቻ ነው። የመጽሔቱን ፎቶግራፍ ከውስጥ ሆነው እንዳነሡት ያኔ ገባኝ። ይህን ለማወቅ አንድም መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

እትዬ አስካለ ቆም አሉ። በርበሬ ይነግዳሉ፤ ምላሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል። «ኸይሩ፣ ዘንድሮ ሳምቡሳ ጀመርክ እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። «ነጠላችን ሳይነካካ እንለፍ ባካችሁ።»

ጋሽ ኸይሩ አልሳቁም። በውስጥ በኩል ገብተው የአንዱን ሥዕል ጠርዝ በጥፍራቸው ሊያላቅቁ ሞከሩ። ወረቀቱ ተቀደደ። እጃቸውን ሰበሰቡና በሩ ላይ ብቅ ብለው «አደራ ብዬህ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ተመልሰው ገቡ። እግሬ ለምን እንዳልሸሸ አላውቅም። ብዙ ቆይቶ ድምፃቸው ከውስጥ መጣ።

«ና እስቲ ወዲህ።»

ገባሁ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቀይ ወድቋል፣ የሚዛኑ ሳህን አረንጓዴ ሆኗል፣ የጋሽ ኸይሩ ነጭ ቆብ ቢጫ ነው፤ ልጆች አበባውን ወረቀት ላይ አሽተው የሚያወጡት ያ የአደይ ቢጫ። መላእክቱ ሰይፋቸውን በግራ እጃቸው ይዘው መስኮቱን ሞልተው ቆመዋል፤ አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ሸውራራ፣ ሁሉም በብርሃን የሚነዱ። በየደረታቸው ላይ ስም አለ። ጀርባቸው ወደ እኛ ስለነበር በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ብርሃኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ታምሩ። ግርማ። መስፍን። የእኔም ነበረች፣ ክንፏን ያልጨረስኳት። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ካቴድራሎች ገብቻለሁ፤ ሰው አንጋጦ ሲደነቅ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ያን ጠዋት ግን ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

ጋሽ ኸይሩ የባንኮኒውን መሻገሪያ ጣውላ አነሡ። ለገዢ ሲያነሡት አይቼ አላውቅም። «አስካለ፣ ግቢ» አሉ።

እትዬ አስካለ እየተነጫነጩ ገቡና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ንባብ የተማሩት ካረጁ በኋላ ነው፤ ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ያነቡ ጀመር። ከታች በኩል አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ደ... ሳ... ለኝ።» ልጃቸው ነው። ወደ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ፎቶግራፉ እንኳ እንደሌላቸው ሰፈሩ ያውቃል።

መጀመሪያ ሳቁ። «እዩት፣ ለሚካኤል የዶሮ እግር ሠርቶለታል።» ከዚያ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ቀይ ብርሃን በጣቶቻቸው መሐል ወጣ። በሩ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ጋሽ ኸይሩ አንድ በአንድ አስገቧቸው።

ሥዕሎቹ ተበላሹ። ዘይቱ ወረቀቱን አድርቆ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ አደረገው። በሳምንቱ ሰው ሁሉ የልጁን፣ የወንድሙን እየጠየቀ ሲመጣ ጋሽ ኸይሩ በምላጭ እያነሡ ሰጡ፤ የተረፈው ተረፈ፣ የተቀደደው ተቀደደ። «ታዲያ የሰው ዕቃ አይደል» አሉኝ፣ እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት። እትዬ አስካለ ግን አልወስድም አሉ። «ቤቴ መስኮት የለውም። እዚያ ብወስደው ይጨልምብኛል።» ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየመጡ፣ ሳይገዙ፣ ከባንኮኒው ወዲያ ይቆሙ ነበር።

ጋሽ ኸይሩ ደግሞ ለመጣ ሰው ሁሉ «አስቦበት ነው፣ የተማረ ልጅ ነው» ይሉልኝ ጀመር። አላስተባበልኩም።

ጋሽ ኸይሩ አምና አረፉ። ለቅሶው ላይ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ስሙ መስኮቱ ላይ የነበረው ታምሩ ከልጆቹ ጋር አገኘኝ፤ ራሱ ተመልጦ ሽማግሌ መስሏል። «ያ መስኮት የሱ ሥራ ነው» አላቸው። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን አወረድኩ፤ ለመንገደኛ ብዬ እንደሠራሁት፣ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ዞሮብኝ እንደሆነ ነገርኩት።

ታምሩ ትንሽ አሰበ። «ለመንገዱ ቢበራ ኖሮ» አለ፣ «እያየን እናልፍ ነበር። እትዬ አስካለም አይገቡም።»

ስለ ውበት ብዙ ጽፌአለሁ፤ አብዛኛው ሌሎች የጻፉትን መንቀፍ ነው። ያን ጠዋት በዚያ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ማን እንደሠራው ግን አላውቅም። እኔ እንዳልሆንኩ ብቻ አውቃለሁ።