በኦቦ ፈይሳ ጎማ የበረረው አውሮፕላን

አንድ አሮጌ አውሮፕላን መልሶ እንዲበር ለማድረግ አንድ በቅሎ፣ ሁለት ጣቃ አቡጀዲ፣ የአንድ ክረምት የቅቤ ንግድ፣ በአምቦ ገበያ ከነበረኝ መልካም ስም ደግሞ ግማሹን አውጥቻለሁ። ግማሹን ብቻ የምለው ሌላውን ግማሽ ቀደም ብዬ በሌላ ንግድ ስለጨረስኩት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ልጄ ነው። ባለፈው ወር ሱቁን ወደ ጓሮ ማስፋት ፈለገ። ጎረቤታችን ግን ድንበሩ ላይ ያለችውን ቀጭን መሬት አልሸጥም አሉት። ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ "አባዬ፣ ሦስት ሽማግሌ ብንልክባቸው እኮ እንቢ ማለት አይችሉም" አለኝ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት።

"በሕይወቴ አንድ ጊዜ ለንግድ ሽማግሌ ልኬአለሁ። ይበቃኛል።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለጋሪ ጎማ።"

አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት እናቱን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ታሪኩን ስለምታውቅ ወጥ ጨመረችልኝ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላኝም። ከጊንጪ ጤፍ፣ ከእንጭኒ ማርና አይብ፣ ከሸነን ቅቤ እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ እወስዳለሁ፤ ስመለስ ጨርቅ፣ ሳሙናና ምስማር እጭናለሁ። የተማርኩት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከጭነቱ ጋር ተቀምጬ፣ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ስለ ዋጋ ሲዋሹ እያዳመጥኩ።

ጊንጪ አጠገብ በአንድ ባላባት ጎተራ ውስጥ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትንሽ አውሮፕላን ነበረ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክንፉ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ነው። ጨርቁን አይጥ ጨርሶት አጥንቱ ቀርቷል። ሞተሩ ሥር ዶሮ ትፈለፍላለች። ባላባቱ ሲሞቱ ልጆቻቸው ጎተራውን ሊያጸዱ ጠሩኝና ሁለቱን ጎማዎች ገዛኋቸው። ጨለማ ውስጥ ስለኖሩ አልተሰነጠቁም ነበር። የቀረውን ግን ማን ይገዛኛል ብዬ ተውኩት።

ጎማዎቹን የሸጥኩት ለኦቦ ፈይሳ ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ከወገባቸው በታች ታመው መራመድ አቁመዋል። የአምቦ ፍልውሃ ግን ይስማማቸዋል። በየሳምንቱ ውሃው ውስጥ ቆይተው ከተመለሱ የቤታቸውን መቃን ይዘው ይቆማሉ፤ ደጁን ያያሉ፤ ቆመው የመንደሩን ሰው ይቆጣሉ። ሁለት ሳምንት ከቀረባቸው እግራቸው እንጨት ይሆናል። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ኦቦ ፈይሳ ጋሪ ሠሩ፤ ጎማ ብቻ ቀራቸው።

"ኦቦ ፈይሳ፣ ይሄ ጎማ ሰማይ ላይ የኖረ ነው፤ ምድርን ገና አልጠገባትም" አልኩና በደንብ አድርጌ አስከፈልኳቸው።

ዕቃው ግን እውነትም ዕቃ ነበር። አጠር፣ ወፈር ብሎ እንደ ሙልሙል የተነፋ ነው። ድንጋይ ሲያጋጥመው ሳይዘል ውጦት ያልፋል። አዴ ጫልቱ ጭድ ላይ ጋደም ብለው፣ አህያዋ ቀስ እያለች ስትጎትታቸው፣ በገበያው መካከል ሲያልፉ፣ "አከም ጂርታ፣ በየነ! ጎማህ ካንተ ይሻላል፤ አይዋሽም!" ይሉኝ ነበር። ገበያው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ገንዘቡ ኪሴ ገብቷላ።

ከዚያ ጋሽ ልሳኑ መጣ። ጋሽ ልሳኑ አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ፣ መንዳትም የተማረ፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ አምቦ ላይ የጭነት መኪና የሚሠራ ሰው ነበር። ስለ ጎተራው አውሮፕላን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ለወሬ ያህል። በማግሥቱ ሄዶ አየው። ሲመለስ ፊቱ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሆኗል።

"ይበራል" አለኝ።

"ዶሮዋስ?"

"አንተ ቀልድ። እኔ እሠራዋለሁ፤ አንተ ገንዘብ ታወጣለህ።"

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ስለ ቅቤ አሰብኩ። ክረምት ሲገባ የሸነን መንገድ ጭቃ ይሆናል። ቅቤው እዚያ ይረክሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ይወደዳል። ቅቤ በሰማይ ቢሄድስ? ዛሬ ሳስበው ያ ሚጢጢ አውሮፕላን ከጋሽ ልሳኑ ሌላ ሁለት እንስራ ቅቤ ቢጭን ነው። ያኔ ግን በሐሳቤ የሸዋን ቅቤ በሙሉ ጭኜዋለሁ።

የባላባቱ ልጆች ጎተራውን ካጸዳችሁልን ውሰዱት አሉን፤ አንድ በጋ ሙሉ እዚያው ሠራን። አናጢ የተሰበረውን የክንፍ አጥንት ቀየረ። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ መጥቶ አቡጀዲውን ገጣጠመው፤ "ይሄ ለየትኛው ግዙፍ ሰው ነው ቀሚሱ?" እያለ። ጨርቁን አጥንቱ ላይ ወጥረን ከሰፋነው በኋላ ከአዲስ አበባ በጣሳ ያመጣሁትን ቀለም ቀባነው። ቀለሙ ሲደርቅ ጨርቁ ራሱን በራሱ ይወጥራል፤ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ሽታው ራስ ያዞራል። ጊንጪ መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ እንኳ ያን ቀለም ቀለም ይለኝ ነበር። ነዳጅና መለዋወጫ ሲያንስ በቅሎዬን ሸጥኩ።

ሞተሩ በተነሳ ቀን ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ጎተራውን ለቃ ሄደች። ጋሽ ልሳኑ አለቀሰ። የቀረን ጎማ ብቻ ነበር። የሞተር ብስክሌት ጎማ አስገባንለት፤ ገና ስንገፋው ተጣመመ። የመኪና ጎማ ልክ አልሆነም። ከአዲስ አበባ አንድ ሹም መጥቶ አይቶት ሊፈቅድ ቀን ተቆርጧል። ሹሙ መሬት የተኛ አውሮፕላን አይቶ ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም።

ጋሽ ልሳኑ ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ።

"የራሱ ጎማ የት ገባ?"

መፍቻውን አንስቼ አገላበጥኩ።

"ሸጠኸዋል አይደል?"

"ሸጬዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለአህያ ጋሪ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ "ሂድና መልሰህ ግዛው" አለኝ።

ሄድኩ። ለኦቦ ፈይሳ የከፈሉኝን እጥፍ ሰጠኋቸው፤ እንቢ አሉ። ሦስት እጥፍ አደረግኩት። ብሩን ትክ ብለው አዩትና፣ "እዚህ ብር ላይ ጫልቱን አስቀምጬ ልጎትታት?" አሉኝ።

ብልጥ ነጋዴ ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ከብልጥም በላይ ብልጥ ነበርኩ። እኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ድረስ መጥቶ ከለመነ፣ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ሽማግሌን አቁሞ የሚመልስ ሰው ደግሞ ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ነውር ያተርፋል። ይህ ወግ የተሠራው ደመኛ ለማስታረቅ፣ ልጅ ለመዳር ነው። እኔ ለጎማ አደረግኩት።

ኦቦ ቶለራ የሚባሉ፣ በአምቦ ዙሪያ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። ለአገር የሚጠቅም ነገር ነው፣ አምቦ አውሮፕላን ሊኖራት ነው አልኳቸው። ስለ አዴ ጫልቱ እግር አላነሳሁም።

እሑድ ጠዋት ሄድን። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተመርኩዘው ደጁ ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ብሬን ይዤ ቆምኩ። ኦቦ ፈይሳ እየተጣደፉ አጎዛ አነጠፉ።

"ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ።"

"ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ ኦቦ ቶለራ።

ኦቦ ፈይሳ ግራ ገባቸው። "ኦቦ ቶለራ፣ እኔ ሴት ልጅ እንኳ የለኝ። ምን ልትጠይቁኝ ነው?"

ኦቦ ቶለራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጎማ ነው" አሉ። በዚያች ሰዓት ለምን እንዳፈሩ እንኳ በደንብ አልገባቸውም፤ ግን አፈሩ።

ኦቦ ፈይሳ ሽማግሌዎቹን አለፍ አድርገው እኔን አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያዩኝ ግን ገበያ ላይ ሚዛኑ የተዛባ ሰው እንደሚታይ ነው። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ውስጥ በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ይሰማል። የእሳቸው ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። የአዴ ጫልቱ ግን እኛ እንድንሰማው ከፍ አለ፤

"ጃርሳዎቹን ፀሐይ ላይ አታቁም! ለሽማግሌዎቹ ስጣቸውና ይቀመጡ።"

ኦቦ ፈይሳ ወጥተው፣ "እሺ ብያለሁ፣ ተቀመጡ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እርጎ ጠጡ፣ መረቁ። እኔ ብሬን ዘረጋሁ።

"ላንተ መቼ ሰጠሁ?" አሉኝ። "የሰጠሁት ለሽማግሌ ነው። ለሽማግሌ የተሰጠ ዋጋ የለውም።"

"ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው" አልኩ በሽማግሌዎቹ ፊት። "አዲስ ጎማ ከውጭ አዘናል፤ ሲመጣ እመልሳለሁ።"

ጎማዎቹን ራሳቸው ፈቱልኝ። ጋሪው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሹሙ መጣ፣ ዞሮ አየው፣ ፈቀደ። አውሮፕላኑ የጊንጪን ሜዳ ይዞ ሮጠ፣ ሁለት ጊዜ ነጠረ፣ ተነሳ። በሬ ፈቶ ያልሮጠ ገበሬ አልነበረም። እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ልሳኑ እስከ አምቦ ደርሶ ከተማውን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ ይህን ብክድ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ሹሙ፣ አውሮፕላን እንደ ከብት ሜዳ ላይ አያድርም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሮ ይመዝገብ አለ። ጋሽ ልሳኑ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"በየነ፣ እዚያ ከገባ መቼ እንደሚለቁት አላውቅም። የሰውዬውን ጎማ ፈተን እንመልስ ካልክ አሁን ነው። አዲሱ እስኪመጣ አውሮፕላኑ እዚህ ይቆይ፤ እኔ እጠብቃለሁ።"

እጠብቃለሁ አለኝ፤ የሰማው ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔ ሰማዩን አየሁ። በምዕራብ በኩል ደመና ጀምሯል፤ የቅቤው ጊዜ እየደረሰ ነው።

"ተነሳ" አልኩት።

አውሮፕላኑ አልተመለሰም። ምርመራው ምርመራ ወለደ፤ ጋሽ ልሳኑም እዚያው ሥራ ይዞ ቀረ። ቅቤዬ በዚያ ክረምት ሸነን ላይ ቀለጠ። ከውጭ ይመጣል ያልኩት ጎማም አልመጣም። ለኦቦ ፈይሳ በብረት የታሰረ የእንጨት ጎማ አሠርቼ ወሰድኩላቸው። አዴ ጫልቱን ጭነው አንድ ጊዜ ሞከሩት። ወንዙ ጋ ሳይደርሱ፣ በየድንጋዩ ሲነጥር፣ ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ "በቃ፣ መልሰኝ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ፍልውሃ አልሄዱም።

ቆይቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከምድጃው አጠገብ ተኝተዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ግን ከተኙበት የሚታያቸው የጣሪያው ክዳን ብቻ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"በየነ! አውሮፕላኑ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አዴ።"

"በእኛ ላይ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቻለሁ። ፈይሳ ወጥቶ ሲያየው፣ ጎማችን ከሥሩ ይታያል ብሎኛል" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው እውነተኛ ነበር። ይዤ የሄድኩትን ስኳር አስቀምጬ ወጣሁ።

ብዙ ዓመት ኖሩ። አንድም ቀን ግን መቃኑን ይዘው አልቆሙም። ለኦቦ ፈይሳ ገንዘብ ወሰድኩ፣ አልተቀበሉም። ጥጃ ነድቼ ሄድኩ፣ መልሰው ነዱልኝ። "ከአንተ ጋር ምን ንግድ አለኝ?" ነው የሚሉት። ገበያ ስንገናኝ ግን ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። ቢሰድቡኝ ኖሮ የስድቡን ያህል ይቀልልኝ ነበር። ኦቦ ቶለራም ነገሩን ሲረዱ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ቆመው፣ "ሽበቴን ነው የተዋስከኝ፣ በየነ። እሱን ደግሞ በምን ትመልሰዋለህ?" ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለምንም ጉዳይ ቢሆን በእኔ ስም አልቆሙም።

አሁን ግንበኛው ጓሮ ውስጥ እየሠራ ነው። ጎረቤታችን መሬታቸውን ይዘዋል፤ ግድግዳው እዚያ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ዞሯል። ልጄ መደርደሪያ አይገጥምም እያለ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ጎረቤቱ ጠዋት ጠዋት ያችን መሬት ጎመን ሲያጠጡ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እንቢ ብለው በሰላም ያደሩ ሰው ናቸው። ኦቦ ፈይሳ እንቢ ብለው ነበር፤ እንቢታቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ሁለቱም ባልና ሚስት ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅም አልነበራቸው፤ የምከፍለው ሰው የለም።

ከኦቦ ፈይሳ የወሰድኩት ሁለት ጎማ ነው። የመለስኩት የለም።