ጋሼ አልፍሬድ እውነት ረስተው ነበር?

አንጋፋው እንግሊዛዊ ተዋናይ አልፍሬድ ፔምብሪ ባለፈው ሳምንት እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ራንድል ሰፈር በሚገኘው በልጃቸው ቤት አርፈዋል። ልጃቸው ማርጋሬት ደውላ ስትነግረኝ ወዲያው አላመንኳትም። እኚህ ሰው መድረክ ላይ ሲሞቱ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተነሥተው ሱሪያቸውን ሲያራግፉም አይቻለሁ። ስለዚህ «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። አልተቀየመችኝም። «እኔም አላመንኩም ነበር፤ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ» አለችኝ።

ጋሼ አልፍሬድ እንላቸው ነበር እኛ ሐበሾቹ፤ እሳቸውም ወደውት ነበር። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ፊታቸውን ግን ብዙዎች ያውቁታል። በሰሜን እንግሊዝ በአንዲት የወደብ ከተማ ከዓሣ ነጋዴ ቤተሰብ ተወልደው፣ ገና በወጣትነታቸው ከተጓዥ የቴአትር ቡድን ጋር ከቤት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዳኛ፣ ቄስ፣ መርማሪ፣ አሽከርና ነፍሰ ገዳይ ሆነው ኖሩ። መሪ ተዋናይ ሆነው አያውቁም። በር ከፍተው ይገባሉ፣ አንድ የሚያጠራጥር ነገር ተናግረው ይወጣሉ፤ ተመልካቹ ግን ተመልሰው እስኪመጡ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። አንድ ቀን ሲ-ትሬይን በሚባለው የከተማችን ባቡር ውስጥ አብረን ተቀምጠን፣ ፊት ለፊታችን የነበረች ሴት ትኩር ብላ አየቻቸውና ቦርሳዋን አቅፋ ቦታ ቀየረች። «በቴሌቪዥን ወንድሜን መርዝ ሳጠጣ አይታኝ ይሆናል» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ካልጋሪ መጥተው፣ ዳውንታውን፣ መሐል ከተማው ላይ ባለ አንድ አነስተኛ ቴአትር ቤት መሥራት ጀመሩ። የተዋወቅነው እዚያ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ተዋናይት ነበርኩ፤ እዚህ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሺፍት እሠራለሁ። ፈተና አልፌ የአንዲት ሠራተኛ ሚና ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ልምምድ ጋሼ አልፍሬድ ወደ ጥግ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፤ «የምትናገሪውን አምነሽዋል፤ ስህተትሽ እሱ ነው። ሰው አፉን ሲከፍት የሚደብቀው ነገር አለ። መጀመሪያ የደበቀውን ፈልጊ።»

አንድ ወጣት ተዋናይ በእንግሊዝኛ አነጋገሬ ሲስቅ ሰሙት። በቀጣዩ ልምምድ ያን ያሳቀውን ቃል እሳቸው ራሳቸው ልክ እኔ እንዳልኩት አድርገው፣ በዳኛ ግርማ ሞገስ ተናገሩት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ተውኔቱ ጀልባዋ ሰጥማ ስለቀረች አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። መጨረሻው ላይ የሟቾቹ አባት የሆኑት ሽማግሌ ወደ ባሕሩ ዞረው ረጅም መነባንብ አሰምተው ወድቀው ይሞታሉ፤ እኔ ፋኖስ ይዤ ከጎናቸው እቆማለሁ። ጋሼ አልፍሬድ ያንን መነባንብ መሳት ጀመሩ። ዛሬ መሐሉን፣ ነገ መነሻውን ይስታሉ። አዘጋጁ መጀመሪያ ታገሠ፤ በኋላ ፊቱ ይጠቁር ጀመር። በመጨረሻ ጋሼ አልፍሬድ ራሳቸው «ለእሷ ስጧት፤ በየቀኑ ከጎኔ ቆማ ስትሰማ ኖራለች» አሉ። አዘጋጁ እየተጠራጠረ «እስቲ ሞክሪው» አለኝ። ሞከርኩት። መነባንቡ ለእኔ ሆነ።

ጥርጣሬዬ የተነሣው ያኔ ነው። በእረፍት ሰዓት በወጣትነታቸው የተጫወቱትን ተውኔት ገጽ በገጽ በቃላቸው የሚወጡልኝ ሰው ይህችን አንዲት ገጽ እንዴት ያጣሉ? ባለቤቴ ዳዊት ደግሞ ከእኔ ባሰ። «ፈረንጅ እንዲሁ አይሰጥም። ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አስቴርም «ልጄ፣ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ደግነት ሲበዛ ያሠጋል» ብለው ጸለዩልኝ።

በመክፈቻው ምሽት መነባንቡ መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋኝ። ከጎኔ የቆሙት ጋሼ አልፍሬድ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቃሉን ሹክ አሉኝ፤ ቀጠልኩ። ሕዝቡ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህ ሰው ምንም አልረሱም!

ዳዊት ኮርነርስቶን ሰፈር ወዳለው ቤታችን እራት ጠራቸው፤ ሊመረምራቸው ነው። ገና ከመቀመጣቸው «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ለምንድን ነው ፓርትዎን ለእሷ የሰጧት?» አላቸው።

«ምንም አልሰጠኋትም ልጄ። ረሳሁት» አሉ። ከዚያ በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱት።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ዳዊት ሳቀ። «አየሽ? እየተጫወቱብን ነው ሰውዬው። ግን ውሸቱ ሲያምርባቸው!» እኔም እንደዚያው አመንኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚና አልተቀበሉም። ስጠይቃቸው «ሰንፌ ነው» ይሉኝና ያው ጥቅሻ ይከተላል።

ከቀብሩ በኋላ ከማርጋሬት ጋር ወጥ ቤቷ ገብተን ይህንን ሁሉ እየሳቅሁ አጫወትኳት። እሷ አልሳቀችም።

«አባቴ ሐኪም ጋ የሄደው ልምምዱ ሳይጀመር ነው» አለችኝ። «የማስታወስ ችሎታው እየከዳው እንደሆነ ነገሩት። የጥንቱ አይጠፋም፤ አዲሱ ነው የማይያዝለት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ሹክ ያሉኝ ቃልስ?»

«ጠዋት ጠዋት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን እይዝለት ነበር። ያጠናው በማግሥቱ ይጠፋል፤ እንደገና ይጀምራል። ‹አንድ ቃል ብትስት ከጎኗ ያለሁት እኔ ነኝ› ይለኛል።»

«ዳዊትን የጠቀሱትስ?»

«እንዲታዘንለት አይፈልግም ነበር። ከሚያዝኑልኝ ቢጠረጥሩኝ ይሻለኛል ይል ነበር።»

ለአፍታ ይህንንም ጠረጠርኩ፤ የተዋናይ ልጅ ናትና። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ፊቷን እንዳይ የፈለገች አትመስልም። አመንኳት። እውነት የረሳ ሰው፣ ሳይረሳ የረሳ የሚያስመስል ሰው ሆኖ መጫወት! ከዚህ የከበደ ሚና አላውቅም፤ እኛ ደግሞ ፊት ለፊታችን ሲጫወቱት አላየንም።

ጋሼ አልፍሬድ፣ አዘጋጁ ለመጪው ተውኔት ዋናውን ሚና ሰጥቶኛል። ዳዊት ለመክፈቻው ሺፍቱን ካንስል አድርጎ ፊተኛው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው። እትዬ አስቴር ስምዎን እየጠሩ እግዚአብሔር ቤተሰብዎን እንዲያጽናና ይጸልያሉ። እንግዲህ ደህና ይሁኑ። በሕይወት ሳሉ እንድናዝንልዎ አልፈቀዱልንም፤ ዛሬ ግን ቢከለክሉንም አንሰማዎትም።