ድምፅ የሌለው ካሜራ

ሐኪሙ ቀኝ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ ከመረመረ በኋላ ከባዱን ካሜራ እንድተው አዘዘኝ። ከዩኒቨርሲቲ ማስተማሬ ጎን ለጎን ሃያ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎችን ያነሣሁበት ያ መሣሪያ ከነሌንሱ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ፎቶግራፎቹ በየዓውደ ጥናቱ ሲታዩ ኖረዋል፤ ስሜ ግን አብሯቸው ታይቶ አያውቅም። ትከሻው ብቻ የእኔ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱ ትከሻዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ካሜራ ለመምረጥ አልቸኩልም ነበር። ከመካነ ብርሃን ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ደብር ውስጥ አንድ አሮጌ ሥዕል በአዲስ ቀለም ሊሸፈን መሆኑን ሰማሁ። ሥዕሉ ማርያምን ከልጇ ጋር ያሳያል፤ ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራችው ሴት ተደፍታ፣ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ ትታያለች። ስለዚያች ሴት የተጻፈ አንዳችም ነገር አላገኘሁም። ከእሷ የቀረው ያ ፊት ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ላነሣው ገብቼ ነበር። ሥራዬ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ሦስት ፎቶግራፍ ከላይኛው ክፍል አነሣሁ። በአራተኛው ላይ ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት አዛውንት ካህን፣ በመቋሚያቸው በሩን አመለከቱኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ የማውቀው መሰለኝ። ፎቶ ሳነሣ በካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት በተገላበጠ ቁጥር በዚያ ጸጥታ ውስጥ በር በኃይል የተዘጋ ያህል ይሰማ ነበር።

አሁን ከረጅም ደጅ ጥናት በኋላ፣ ቅዳሴ ካበቃ ወዲያ አንድ ሰዓት ተፈቀደልኝ፤ ከሴቶች መቆሚያ ግን እንዳላልፍ ተነግሮኛል። ሥዕሉ ያለው በወንዶች ወገን ጠርዝ ነው።

ፒያሳ ያለው ሻጭ፣ በየሳምንቱ ሠርግ የሚቀርጽ ጎልማሳ፣ የሚገላበጥ መስታወት የሌላቸውን ሁለት ካሜራዎች አወጣልኝ። አንደኛው ሌንሱ የማይነቀል፣ እንደ ዳዊት መጽሐፍ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ሌንሱ የሚቀየር፣ ጥቂት የሚከብድ። እሱ ትንሹን ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ እኮ በነጠላ ሥር ይገባል፣ ዶክተር። ቀረብ ብለው ያነሣሉ።»

«መቅረብ አይፈቀድልኝም።»

«ለዶክተርም?»

«ለሴት።»

ሳቀ፤ በሠርግ ላይ ግን መካከል የምትቆመው ሙሽራዋ ናት አለኝ። አልሳቅሁም። ከሱቁ ጥግ፣ ከሴቶች መቆሚያ እስከ ሥዕሉ ያለውን ያህል፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ለክቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በሁለቱም አነሣሁ። በትንሹ ካሜራ ቁጥሮቹ የምስር ፍሬ አከሉ። በሁለተኛው፣ ረጅሙን ሌንስ ስገጥምለት፣ አንድ ቁጥር ስክሪኑን ሞላው። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቼ ካሜራውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ምንም አይሰማም። ሁለተኛውን መረጥሁ። ሻጩ ድምፅ አልባው አሠራር በአምፖል ሥር እንደማይታመን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጉድ እንደሠራው ነገረኝ። የሠርግ ቀራጭ ምክር ብዬ አለፍሁት። በዚያ ላይ ደብሩ አምፖል አልነበረውም።

ስደርስ ነበረው። ቄሰ ገበዙ መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩትን አዳዲስ አምፖሎች በሙሉ ለእኔ ሲሉ አበሩልኝ። ቀለም ቀቢው ከደጅ ተቀምጦ ቀለሙን በእንጨት ያማስላል፤ የእንጨቱ ድምፅ ይሰማኛል። የስክሪኑ ብልጭታ ካህኑን እንዳያስቆጣ ብዬ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ በካሜራው መመልከቻ ቀዳዳ እያነጣጠርሁ፣ ከሴቶች መቆሚያ ጥግ፣ ከላይኛው ክፍል ጀመርሁ። ሃያ ደቂቃ ያለ አንዳች ድምፅ ሠራሁ። ከዚያ የሠራሁትን ለማየት ስክሪኑን አበራሁ። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ተጋድመውበታል። ዐይን የማያየውን የአምፖሎቹን መርገብገብ ድምፅ አልባው አሠራር ሁሉንም መዝግቦታል።

አምፖሎቹ ቢጠፉ ጨለማ ነው። የቀረው ካሜራውን ለብርሃን እየተከፈተ ወደሚዘጋው፣ ድምፅ ወደሚያሰማው መዝጊያ መመለስ ነበር።

«አባ፣ ካሜራው ድምፅ ሊያሰማ ነው። ያለዚያ አይሆንም።»

«ያሰማ። ምነው?»

«ያን ጊዜ በድምፁ አይደል ያስወጡኝ?»

በመቋሚያቸው መቅደሱን አመለከቱኝ።

«በድምፁ? ጀርባሽን ለመቅደሱ ሰጥተሽ ነበር እንጂ። ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ትዞሪያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ደግሞ ትዞሪያለሽ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ ልጄ።»

ከመቅደስ ፊት ሲወጡ ፊትን ሳይመልሱ ወደ ኋላ መራመድ ይህ አገር ለሕፃን የሚያስተምረው ሥርዓት ነው። እኔም ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ፤ እኔ ራሴ የምጠየቅበት መሆኑን ግን አላሰብሁም። ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ጥዬ፣ መሣሪያ እስክለውጥ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

መዝጊያውን ለወጥሁ። ቀጭ የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ማንም ዘወር አላለም። የላይኛውን ክፍል በፍጥነት ደግሜ ሌንሱን ወደ ታች፣ ወደ ሴትዮዋ አወረድሁ። ከግድግዳው ሥር የወጣ እርጥበት ልስኑን አራግፎታል። አፏ የለም፤ አገጯ የለም፤ ግራ ጉንጯ ነጭ ኖራ ሆኗል። የቀረው ግንባሯና አንድ ዐይኗ ነው።

«ይኼ መቼ ወረደ?» አልሁ።

«ባለፈው ክረምት» አሉ ቄሰ ገበዙ። «አንቺ ስትመጪ ሸጋ ነበረች።»

በዐይኗ ላይ አተኩሬ አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። አሥራ አንዱም ጥርት ያሉ ናቸው። ቀለም ቀቢው ባልዲውን ይዞ ገባ።