በሱባኤ የጠጣሁት ውሃ

መጀመሪያ ያመመኝ ራሴን ነው። ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን ከማጅራቴ በላይ ከበድ አለኝ። የዳላስ ሙቀት ነው አልኩና ውሃ ጠጣሁ። በማግስቱ አቅለሸለሸኝ። አሁንም ውሃ ጠጣሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አርጅቶ ሱባኤ ለሚይዝ ሰው ነው። የተማርኩ አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው። ሐኪሞቹ የነገሩኝን ግን አልረሳሁም።

የምኖረው ዳላስ አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ ከልጄ ከሰናይት ጋር ነው። እሷ ኤርፖርት ትሠራለች፤ እኔ ቀኑን ብቻዬን ነው የምውለው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበርና የፍልሰታን ሁለት ሳምንት ሱባኤ ያዝኩ። ምግቤ በውሃ የራሰ ሽምብራ፣ ያለ ጨው፣ በቀን አንዴ። መጠጤ ከቤተ ክርስቲያን በጋሎን የማመጣው ጸበል። ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ጋሎን፣ ማታ ደግሞ ግማሽ። ብዙ የጠጣ ቶሎ የሚድን መሰለኝ። የደም ግፊት ክኒኔን ግን አላቋረጥኩም፤ ሰናይት አስምላኛለች።

በስምንተኛው ቀን፣ «አባዬ፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ከሥራ ኦፍ ልውሰድና ሆስፒታል እንሂድ» አለችኝ።

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ሱባኤ አይፈታም» አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ጫማ ማሰር ጠፋኝ። የልጄ ስም ጠፋኝ። ወደቅሁ። ሰናይት ከሥራ ስትገባ እንደሚጥል በሽታ እየተንቀጠቀጥኩ አገኘችኝ አሉ። እኔ አላውቅም።

የነቃሁት አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሶዲየም፣ ማለቴ በደም ውስጥ ያለው ጨው፣ መቶ አሥር ደርሶ ነበር። ከመቶ ሠላሳ አምስት መውረድ የለበትም። የጨዉን እንዲህ መውረድ ሃይፖናትሬሚያ ይሉታል። መንቀጥቀጡ እንዲቆም ብለው ወፍራም የጨው ውሃ በደም ሥሬ ሰጥተውኛል። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ሄለን የምትባል ሀበሻ ነርስ ታስተረጉማለች።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ዛሬ» አልኩ።

«ውሃ ያበዛሉ?»

«እንደ ሰው።»

ዋሸሁ። ጸበሌን እንዳይነኩብኝ ብዬ ነው።

ኋላ ሰናይት ከቤት ልብሴንና የራሰውን ሽምብራ ይዛ መጣች፤ ሌላ ነገር እንደማልቀምስ ታውቃለች። ሄለን ክዳኑን ከፍታ ሽምብራውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«አባባ፣ ሱባኤ ላይ ነዎት እንዴ?»

«ጸበሌን እንዳትነኩብኝ» ብዬ ዕቃውን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ጸበሉን ማን ነካብዎት? እኔም እጠጣለሁ። ስንት ቀን ሆነዎት? የዛሬ ነው ብለን ጨውዎን ቶሎ ከፍ ካደረግነው አንጎልዎ ይጎዳል። መናገርም፣ መዋጥም፣ መራመድም ሊቀር ይችላል።»

«ዘጠኝ ቀን» አልኩ። «በቀን ጋሎን ተኩል።»

እየሮጠች ወጣች።

ሐኪሙ መጥቶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አንድ ሽምብራ አነሳ።

«ይህ ሲያብጥ ውሃውን ማን ገፍቶ አስገባለት?»

«ማንም።»

«ሴልም እንደዚሁ ነው። ስስ ልባስ አለው። ውሃ በልባሱ ያልፋል፣ ጨው ግን እንደ ልቡ አያልፍም። ደምዎ ሲቀጥን ውሃው ማንም ሳይገፋው ወደ ሴሉ ይገባል። ኦስሞሲስ ይባላል። ሽምብራው ቢያብጥ ዕቃው ውስጥ ቦታ አለው። አንጎልዎ ግን ዙሪያው አጥንት ነው።»

ክኒኔም ጨዉን በሽንት ሲያስወጣ ነበር አለኝ፤ እኔ ደግሞ ጨው የሌለው ምግብ እየበላሁ በላዩ ውሃ እጨምራለሁ። ታዲያ ጨዉን መልሱልኛ ብላቸው፣ ሄለን «ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰንሱበት ውሃውን አውጥቶ ይኮማተር የለ? በአንዴ ከጨመርንብዎት አንጎልዎም እንደዚያ ነው የሚሆነው» አለችኝ። በየጥቂት ሰዓቱ ደም እየቀዱ፣ ቁጥሩ ሲፈጥን ስኳር ያለበት ውሃ በደም ሥሬ መልሰው እየሰጡ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረጉት አምስት ቀን አቆዩኝ። መቸኮል የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ተኝቼ ቁጥሩን ብቻ እጠብቅ ነበር። ክኒኑን ሐኪሙ ራሱ ለወጠልኝ።

ስወጣ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። «ልጄ፣ እኔ በጋሎን ጠጣ ብዬሃለሁ?» ብለው ተቆጡኝ። አሁን ጸበል የምጠጣው በሲኒ ነው። የጉልበቴ ሕመም እንዳለ ነው።

ሱባኤ የምትይዙ ሽማግሎች፣ ከመግባታችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የምትወስዱትን ክኒንም አሳዩት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ውሃ አትጨምሩበት። ሆስፒታል ከገባችሁ ደግሞ ስንት ቀን እንደሆናችሁና ስንት እንደጠጣችሁ ሳትቀንሱ ተናገሩ። እኔን ሊያጠፋኝ የነበረው «ዛሬ» ያልኳት አንድ ቃል ናት።

ሐኪሙንና ሄለንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰናይትን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። ጠዋት ለሥራ ስትወጣ በር ላይ «ሰናይት» ብዬ እጠራታለሁ።

«አቤት አባዬ፣ ምን ፈለግክ?» ትለኛለች።

ምንም አልፈለግሁም።